ከመግሪብ እስከ በረካ

ወላሂ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ይኸው ሦስተኛ ሌሊቴ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ለሱብሒ መነሣት አለ፣ ከሱብሒ በኋላ ሥራ አለ። እኔ ግን ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ይህን ላፕቶፕ እየዘጋሁ እከፍታለሁ፣ እየከፈትኩ እዘጋለሁ። የምሠራበት ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ሲነሣ ለማየት ብቻ ነው! ማብሪያውን ተጭኜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ፤ ሃምሳ ሳልደርስ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይዘረጋል። ይኸው ዕቃ ነው ባለፈው ሳምንት ማብሪያውን ተጭኜ፣ ውዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ ስመለስ ገና ያችን ክብ እያሽከረከረ ይጠብቀኝ የነበረው። ያው ብረት፣ ያው ራም፣ ያው ሃርድ ዲስክ። አንዲት ብሎን አልተፈታችም፣ አንድ ሪያል አልተጨመረበትም።

አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ወጪ እንዲህ እንደሚነሣ ድሮም የምታውቁ ካላችሁ፣ ቅር ብሎኛል። እንዴት ዝም ብላችሁ ታያላችሁ? ሰው እኮ ወርቅ እየጣለ ነው!

ደርብን ለማያውቅ ልንገር። ከጀዛን ወደ ጅዳ የሚሄደው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ አብሃ ተራራ የሚወጣው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከጎኗ ሹቀይቅ ባሕሩ ላይ ተኝታለች፤ ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር በይሽ፣ ሰብያ፣ ጀዛን፣ ከዚያ የየመን ድንበር። አገሩ ቲሃማ ነው፤ ሙቀቱ ከነእርጥበቱ ልብስ ሆኖ ይለበሳል፤ በበጋ ደግሞ የአቧራው ንፋስ ሲነሣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሳይቀር ጥርሱ ላይ አሸዋ ያኝካል። እዚህ የማውቀው ሐበሻ በብዛት የወሎ፣ የራያ፣ የጅማና የሐረርጌ ልጅ ነው፤ ከብት የሚጠብቅ፣ እርሻ የሚያጠጣ፣ ግንብ የሚሠራ፣ ኢስቲራሓ የሚሉትን የመዝናኛ ግቢ የሚጠብቅ። ብዙው በየመን በኩል በእግሩ የመጣ ነው፤ በላስቲክ ከተጠቀለለ ስልክ ሌላ ዕቃ ይዞ የገባ የለም። ስለዚህ እዚህ ኮምፒውተር ማለት የሌላ ሰው ነገር ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ተመደበች፤ የመጀመሪያ ዓመት። በኢሞ ደውላ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካፌው፣ ስለ አየሩ ካወራችኝ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ክፍላችን ውስጥ ላፕቶፕ የሌለን ሦስት ብቻ ነን» አለችኝ። ግዛልኝ አላለችም። የወሎ ልጅ እንዲህ ነው የሚጠይቀው። አገር ቤት የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ሲነገረኝ የሰማሁትን አልደግመውም፤ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ይገዛል። ስለዚህ የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ኸሚስ ሙሸይጥ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገባሁ። ከአፋር ቆላ ተነሥቶ ደሴ የወጣ ሰው ያንን መንገድ ያውቀዋል፤ ከታች ላብህን እየጠረግህ ትነሣለህ፣ ከላይ ጃኬት ያምርሃል። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነቱን ገበያ ሐራጅ ይሉታል። እኛ ዘንድ ሐራጅ ሲባል የተበዳሪ ቤት ሲሸጥ ነው የምናውቀው፤ ቃሉ አንድ፣ ድንጋጤው ለየብቻ።

እዚያ ነው ያገኘሁት፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተላጨ፣ መሐል ኪቦርዱ ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ ያለችበት። 350 ሪያል። ቲንክፓድ መጀመሪያ በ1992 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የአይቢኤም ነበር፤ በ2005 ወደ ሌኖቮ ዞረ። መሥሪያ ቤቶች በብዛት ይገዙታል፣ ዓመታት ሲያልፉ በብዛት ያወጡታል፤ ርካሽ ሆኖ ገበያ ላይ የሚፈስሰውም ለዚህ ነው። ሻጩ አበራው፣ በራ። ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ወረድኩ።

ያ ደስታ ደርብ ሳይደርስ ቢያልቅ ይሻል ነበር።

ቤት ደርሼ ስከፍተው ጉድ ነው። ሁለት ፀረ ቫይረስ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ከጥግ በኩል ማስታወቂያ ብቅ ይላል፤ ስዘጋው ሌላው ይመጣል። ኢንተርኔት መክፈቻው ሦስት ዓይነት መፈለጊያ ተለጥፎበታል። ዊንዶውሱ በሕጋዊ ቁልፍ የተከፈተ አይደለም፤ «አክቲቬተር» በሚሉት መስበሪያ ነው፤ እንዲህ ያለው መስበሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ነው የሚገባው። ማራገቢያው ያለ ሥራ ይጮኻል፣ ሆዱ እንደ ምጣድ ይግላል። ከሁሉም የከፋው ግን ይህ አልነበረም። አንድ ፎልደር ከፈትኩ፤ ሕፃን ልጅ ኬክ ፊት ለፊት ቆሞ ይስቃል። ከሥሩ የሰው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኮፒ፣ ከሥሩ የባንክ ወረቀት። ቶሎ ዘጋሁት። የማላውቀው ሰው ቤት በሩን ሳላንኳኳ የገባሁ መሰለኝ፤ ግንባሬን አላበኝ። ያ ሰው ላፕቶፑን ሲሸጥ ቤቱንም አብሮ መሸጡን አላወቀም።

አብሮኝ የሚኖረው ጋሼ፣ የራያ ሰው ነው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ «አንተ ልጅ፣ ተበላህ» አለኝ። የሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ ደግሞ «ፎርማት ይፈልጋል» ብሎ ዋጋ ጠራልኝ፤ ዋጋው የዕቃውን ሲሶ ያህል ነበር።

ፎርማት! ይህቺን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን፣ ምን እንደሆነች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር ቤቶች ሲበዙ የነበርን ሰዎች «ፎርማት ያስፈልገዋል» ሲባል «ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል» የተባለ ያህል ነበር ልባችን የሚወርደው። ልጁ ኮምፒውተሩን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ይገባል፤ ማታ ተመለሱ ይባላል። ያ ዘመን ፍላሽ ሁሉ በሾርትከት ቫይረስ የተመታበት ዘመን ነበር፤ ፎልደርህ ሁሉ ቀስት ያለበት ባዶ ምልክት ይሆናል፣ ጽሑፍህ የገባበት ይጠፋል። እና ያ ልጅ ለእኛ ደብተራ ነበር፤ የሚያደርገውን አናይም፣ ዳነ ሲለን ከፍለን እንወጣለን።

ወገኖቼ፣ መጋረጃው ኋላ ምንም የለም! አንድ ፍላሽ ነው ያለው! አንድ ፍላሽ!

ምስጢሩ እንዲህ ነው የገባኝ። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ዊንዶውስ አይደለም። ከቦርዱ ጋር የተሠራ፣ ባዮስ የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው «ዛሬ ማንን ልቀስቅስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዝም ካልከው ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ይቀሰቅሳል። ፍላሹን ቀስቅስ ካልከው ደግሞ ፍላሹን ይቀሰቅሳል። በቃ! ያን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ቫይረሱም፣ ማስታወቂያውም፣ አክቲቬተሩም፣ ተኝቶ ነው። ማንም አልጠራውም። አንተ ከደጅ ነህ። ቤቱ ውስጥ ተቀምጠህ ጣሪያውን አታፈርስም፤ ግን ደጅ ድንኳን ተክለህ፣ ዕቃህን አውጥተህ፣ ከዚያ እስከ መሠረቱ ብታፈርሰው ማን ይከለክልሃል? ፍላሹ ድንኳኑ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ ውስጥ «ሪሴት» የሚል ነገር አለ፤ እሱም አይከፋም፤ ግን የታመመው ራሱን እያከመ ነውና ልቤ አላመነውም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ በፈረሰው ቦታ ምን ልሥራ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በፈረንጆች ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና የኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የኔው ስድስተኛ ነው። ማለት በደንቡ ከሄድን ይህ ብረት ዕድሜው አብቅቷል፤ እጅ እግሩ ደኅና ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። እዚህ ላይ ነው በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሊኑክስ የሚባል ነገር እንዳለ ስልኬ ላይ ያነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ ቆምኩ። ምክንያቱም ነጻ ነው። ነጻ ስል የተሰበረ ቁልፍ ማለቴ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ውሰዱ፣ አባዙ፣ ለጎረቤት ስጡ ያሉት ነገር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ በ1991 እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ የጀመረው ነው። በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ፣ ከዚያ በፊት በ2002 በሩሲያ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ ኡቡንቱ ብሎ አፍሪካዊ ስም አውጥቶ ለተራው ሰው አመቻቸው፤ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። በፖስታ! በነጻ! እኛ ያን ጊዜ የት ነበርን?

እኔ የመረጥኩት ከኡቡንቱ የወጣውን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላሉን ዓይነት። ሁለት ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል፣ 20 ጊጋ ቦታ ይበቃዋል። መልኩ ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ስለሚቀራረብ ዓይን አይሸሸውም። እትሞቻቸውን ሁሉ በሴት ስም ይጠራሉ፤ የኔይቱ 22ኛዋ ዊልማ ናት፣ በ2024 የወጣች፣ እስከ 2029 ማሻሻያ የሚላክላት። ጋሼ ይህን ስነግረው «ሚስት አገባህ እንዴ?» አለኝ።

ፋይሉ ሦስት ጊጋ ገደማ ነው። በስልኬ ዳታ ሌሊቱን ሙሉ አወረድኩት፤ ያውም ያንን በሽተኛ ላፕቶፕ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ። ሩፉስ በምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ወደ ፍላሹ የጻፍኩትም በዚያው በሽተኛ ነው። አስቡት፤ የገዛ መቃብሩን ራሱ ቆፈረ፤ ያውም እየተንቀረፈፈ፣ መሐል ላይ ማስታወቂያ እያወጣ።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። በፈረንጆች የካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰርጎ ገብቶበት፣ ሰው የሚያወርደው ፋይል በተመረዘ ፋይል ተቀይሮ ነበር። ስለዚህ ባለቤቶቹ ከፋይሉ ጋር 64 ፊደልና አሃዝ ያለው መለያ ያወጣሉ፤ የወረደውን ፋይል ኮምፒውተሩ አስልቶ መለያውን ያወጣላችኋል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፋይሉ ሳይነካ ደርሷል። አንዲት ፊደል ከተለየች ይጣላል። እኔ ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ እኔ ስጠራ እሱ በጣቱ እየተከተለ አመሳከርን፤ እንግሊዝኛ ፊደል ለመለየት መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ። 64ቱም ልክ!

ከመግሪብ በፊት ፍላሹን ሰካሁ። አበራሁ። ቲንክፓድ ላይ ስሙ ብቅ ሲል ኢንተርን መጫን፣ ቀጥሎ ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9 ነው፤ ዴል ኤፍ 12። የሚቀሰቀሱት ዝርዝር መጣ። ፍላሹን መረጥኩ። ጥቁር ሆነ። ልቤ ቆመ።

ከዚያ ተከፈተ። ምን ልበላችሁ! ገና ምንም ሳልጭን፣ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ፣ ሙሉው ሲስተም ከፍላሹ ላይ ተነሥቶ ይሠራል! ዋይፋይ ያገኛል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ቪዲዮ ይከፍታል። ልብስ መርጠህ ከመክፈልህ በፊት ለብሰህ ሰፈር ዞረህ እንደ መመለስ ነው። ካልወደድከው ፍላሹን ንቀል፣ የድሮው ሕይወትህ እንደነበረ ይጠብቅሃል። ማይኩን ሞከርኩ፣ ካሜራውን ሞከርኩ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ሁሉም ደኅና ነው። ብረቱ አልታመመም ነበር! ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንዳች አልታመመም ነበር፤ ሌላ ሰው ያስታቀፈውን ሸክም ተሸክሞ ነበር የሚያነክሰው።

ያ ኬክ ፊት የሚስቀው ልጅ ግን ትዝ አለኝ። ፎርማት ሲባል ሁሉ የሚጠፋ ይመስለናል፤ አይጠፋም። ተራው ፈጣን ፎርማት ማውጫውን ነው የሚቀደው፣ ገጾቹ እዚያው ናቸው፤ የሚያውቅ ሰው በመፈለጊያ ፕሮግራም መልሶ ያወጣቸዋል። ስለዚህ እዚያው ፍላሹ ላይ ሳለሁ ዲስኮች የሚለውን ፕሮግራም ከፍቼ፣ ሃርድ ዲስኩን በሙሉ ዜሮ ጻፍበት አልኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 500 ጊጋ፣ ዜሮ ዜሮ ዜሮ። ይህ ለሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ነው የሚሆነው፤ የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ራሱን የቻለ የማጥፊያ ትእዛዝ አለው፣ ብዙ ጊዜ ከባዮሱ ወይም ከአምራቹ ፕሮግራም ይገኛል። አዛን አለ፣ ትቼው ሄድኩ። እዚህ አገር በመግሪብና በኢሻ አዛን መሐል ከረመዳን ውጭ 90 ደቂቃ ነው። ኢሻ ሰግጄ ስመለስ አልቋል። ያ ልጅ፣ ያ ኢቃማ፣ ያ የባንክ ወረቀት፣ ወደ ባለቤታቸው ባልመልሳቸውም ከሰው እጅ አውጥቻቸዋለሁ።

አሁን ጋሼ ጀበናውን ጣደ። ቡናው ከአገር የመጣ ነው። የጀዛን ተራሮችም ቡና አላቸው፣ ኸውላኒ የሚሉት፤ አዘራሩን ዩኔስኮ በ2022 መዝግቦታል፤ ሳዑዲዎቹ ቢጫ አድርገው በሄል ያፈሉታል። ጥሩ ነው፣ ክፉ አልናገርም። ግን ጋሼ ፊት ይህን ማንሣት አይቻልም።

አቦል ሲቀዳ «ጫን» የሚለውን ነካሁ። የቋንቋ ዝርዝር መጣ፤ አማርኛ አለበት! ትርጉሙ ግን ያልተሟላ ስለሆነ እንግሊዝኛውን ወሰድኩ፤ መሐል ላይ ብቸገር የምጠይቀው ሰው እንዲገባው። ከዚያ ያቺ አስፈሪ ጥያቄ፦ ዲስኩን በሙሉ አጥፍተህ ልጫን? እጄ ተንቀጠቀጠ። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ተንቀጠቀጠ። «ጋሼ፣ ቢስሚላህ ይበሉልኝ» አልኩ። አለልኝ። ነካሁት። ቀጥሎ የዓለም ካርታ አውጥቶ የት ነህ አለኝ፣ ሰዓቱን እንዲያስተካክል። ሪያድን ልንካ ወይስ አዲስ አበባን? የሁለቱም ሰዓት አንድ ነው፣ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል። አዲስ አበባን ነካሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዕቃው ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ቶና ሲቀዳ ኮፒው አልቆ «ፍላሹን ንቀልና እንደገና አስነሣ» አለኝ። ነቀልኩ። አስነሣሁ። በረካው ከመቀዳቱ በፊት ዊልማ ፊቴ ላይ ነበረች፤ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ሁለት ፀረ ቫይረስ፣ ያለ ጩኸት። ማራገቢያው ዝም ስላለ የሞተ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጋሼ «አንተ ልጅ፣ ገደልከው እንዴ?» አለ። «አብሽሩ ጋሼ!» አልኩት። (ወሎ «አብሽር» ማለት አይዞህ ነው። እዚህ ደግሞ አብሽር የመንግሥቱ አፕ ስም ነው፣ የኢቃማ ጉዳይ የሚያልቅበት። ጋሼ ስልኩን አየት አደረገ።)

አሁን ደግሞ የምወደውን ልንገራችሁ፣ ታገሡኝ። ላፕቶፑ ከዚህ አገር ስለሆነ ቁልፎቹ ላይ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ነው ያለው። የአማርኛ መተየቢያ ጨመርኩ፤ በእንግሊዝኛው ድምፅ ስትጽፍ ወደ ፊደላችን የሚቀይረውን። የኤስን ቁልፍ እዩት፦ ላዩ ላይ ኤስ አለ፣ ከጎኑ የዓረቡ ሲን አለ፣ እኔ ስነካው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ስ ይወጣል። ሦስት አገር፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ቁልፍ! ጣቴን አንሥቼ እንደገና መታሁት። ስስስስስ። ጋሼ እባብ የገባ መስሎት ዘወር አለ።

እና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው አማርኛ ነበር። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ካልተመለሰ የጻፍከው ሁሉ የላቲን ፍርስራሽ ይሆናል፤ አንዱ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው አያነብም። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን በዓለም ኮምፒውተር ሁሉ የራሱን ቁጥር አገኘ። ለዚህ የደከሙ ሰዎች አሉ፤ ቀደም ብለው በኮምፒውተር የግዕዝ ጽሑፍን ከጀመሩት ፍስሐ አጥላው ይጠቀሳሉ፣ ፊደሉን ዩኒኮድ ውስጥ በማስገባቱ ሥራ ዳንኤል ያዕቆብ። እኔ ደርብ ላይ፣ ባዶ ባደረግሁት ብረት ላይ፣ ቀይ ባሕር አጠገብ ሰላም ብዬ ስጽፍ ሰላም ብሎ የወጣው በእነሱ ድካም ነው። ማን አመሰገናቸው? እኔ በበረካዬ አመሰግናለሁ።

ይህ ሁሉን ይፈውሳል አልልም። ባትሪው ያረጀ እንደሆነ ያረጀ ነው። የማራገቢያ መተንፈሻው የቲሃማ አቧራ ከበላ ሶፍትዌር አይጠርገውም፤ እኔ በቀለም ብሩሽ ከውጭ ጠረግሁት። ያገለገለ ስትገዙ ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ አለመሆኑን እዚያው ገበያ ላይ ፈትሹ። የድርጅት የነበረ ዕቃ ደግሞ ዊንዶውስ በንጹሕ ከተጫነበት በኋላም ኢንተርኔት ሲያገኝ የድርጅቱን መግቢያ ሊጠይቅ ይችላል። ፒችትሪ ወይም ኦቶካድ የምትሠሩ ሰዎች ከዊንዶውስ ጋር ቆዩ፣ እነዚያ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሄዱም፤ ለእናንተም መንገዱ ያው ነው፦ ስምንት ጊጋ ፍላሽ፣ ከማይክሮሶፍት ከራሱ የወረደ ፋይል፣ ክፍልፋዩን ሁሉ አጥፍቶ በባዶው ላይ መጫን። ሕጋዊ ዊንዶውስ የነበረው ኮምፒውተር ያንኑ ዓይነት ስትጭኑበት ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን ራሱ ያስታውሳል። ብቻ አክቲቬተር አትንኩ።

ልጅቷን በኢሞ ደወልኩላትና ስክሪኑን አሳየኋት። ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ አዲስ ገዛህልኝ?» አለች። አይ፣ አሮጌ ነው፣ 350 ሪያል ነው ብል አላመነችም። የሚመጣው ወር ወደ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው አለ፣ እሱ ይዞላት ይሄዳል። ፍላሹንም ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ እልክላታለሁ። ሁለቱን ላፕቶፕ አልባ ጓደኞቿን አስቤ ነው። ያገለገለ ካገኙ እሷ ታነሣላቸዋለች፤ አደራረጉን በስልክ ሁለት ጊዜ አስጠንቻታለሁ፣ ሁለተኛውን ያለ ስሕተት ደግማልኛለች።

ለራሴ ሌላ ፍላሽ ጻፍኩ። ትናንት ማታ ጋሼ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ ከአልጋው ሥር ጎንበስ አለና በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ላፕቶፕ! አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እንዳለው አላውቅም ነበር። መንዙማ ሊያይበት ከሚመለስ ሰው ገዝቶት፣ መንቀርፈፉ አናድዶት ትቶታል። «ይህንንም አንሣልኝ» አለ። ፍላሹን ከኪሴ አወጣሁ፣ ልሰካ ስል ያ ልጅ ከነኬኩ መጣብኝ።

«ጋሼ፣ ውስጡ ፎቶ ነገር አለዎት?»

ትንሽ አሰበ። «የልጄ ሠርግ አለበት» አለ። «ሰው በፍላሽ አምጥቶልኝ ነበር። መሐሉ ላይ እየቆመ አስቸገረኝና አልጨረስኩትም።»

ላፕቶፑን በእኔው ፍላሽ ቀስቅሰን፣ ሃርድ ዲስኩን ሳንነካ፣ ቪዲዮውን ፈልገን ከፈትነው። አልቆመም። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ድንኳኑ፣ ሙሽሮቹ፣ ሚስቱ ሰው ስታስተናግድ። ጋሼ እየጠቆመ ይሄ የእገሌ ልጅ ነው፣ ይቺ እንዲህ አድጋለች ይለኛል። ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው መልስልኝ አለ። ፎርማቱን ለነገ አሳደርነው።